የተጠራችው እሷ፣ አቤት ያልኩት እኔ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቡዳ በላኝ ብሎ የመጣውን የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ስሸኝ፣ ዛር ነው የተባለችውን ደም ግፊቷን ለክቼ ጨው ቀንሺ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ዘመዶቼ እንኳን እገሌ ቤት እንዲህ ታየ ብለው ጀምረው እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ፣ ክርክሬን ስለሚያውቁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሙኛል፣ ይሙኝ። አሁንም አላምንም። የምነግራችሁን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚያ በኋላ እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ።

ቤዛ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አንድ ዶርም ደርሶን፣ በመጀመሪያው ሳምንት በመስኮት ይከፈት አይከፈት ተጣልተን በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ሳህን መብላት ጀመርን፣ ከዚያ ወዲህ ተለያይተን አናውቅም። እናቷን ግን አላውቃቸውም፣ እኔና እሷ ሳንገናኝ ነው ያረፉት፣ በእግራቸው ሄደው ለኦፕራሲዮን ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ለቤዛ ሆስፒታል ማለት ሰው ገብቶ የማይወጣበት ቤት ነው፣ ጉንፋን ሲይዛት እንኳን እኔ ነኝ ሐኪሟ።

ታዲያ አንገቷ ላይ እንቅርት ሲወጣባት ምን እንዳደረገች መገመት አያቅታችሁም። በሻርፕ ሸፈነችው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሻርፕ የማትለየው ለምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን ቢሮዋ በር ላይ ስቤ ብገልጠው፣ እንቁላል የሚያህል ነገር። በግድ ወስጄ አስመረመርኳት፣ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ጊዜ ሳትሰጡት ይውጣ አለ፣ እሷ መጀመሪያ ፍልሰታ ይለፍ አለች፣ ከዚያ የእህቷ ሠርግ ይለፍ አለች፣ ከዚያ ደግሞ ጸበል ልጀምር አለች። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኦፕራሲዮኑንም ተደረጊ፣ እግዜር በሁለቱም ይሠራል አልኳት፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አኩርፌ፣ አልቅሼም ጭምር፣ በመጨረሻ እሺ አለችና ሰኞ እንድትገባ ተቀጠረች።

እኔ ደግሞ ቤዛን አውቃታለሁ። ቅዳሜና እሁድን ብቻዋን ከተውኳት ሰኞ ጠዋት ስልኳ ዝግ ሆኖ፣ እሷ አንዱ ገዳም ውስጥ ናት። ስለዚህ ልጠብቃት ወሰንኩ፣ ለእሷ ግን እንዝናና ነው ያልኳት። ሰው ለዊክኤንድ ላንጋኖ ይወርዳል፣ ቢሾፍቱ ይሄዳል፣ እኔ ከከተማ ካወጣኋት አልመልሳትም ብዬ ፈርቼ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሆቴል እንያዝ፣ ሰፈሩን አንቺ ምረጪ አልኳት። ሳታስብ ካዛንቺስ አለች።

ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገችበት ነው፣ የነበሩበት ግቢ ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ፈርሷል፣ እህትና ወንድሟ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሆነዋል፣ እሷ ቡልጋሪያ ተከራይታ ትኖራለች። አልወደድኩትም፣ ሐዘን ፍለጋ ነው የምትሄጂው ልላት ነበር፣ ግን ምረጪ ብያለሁ፣ ተውኩት። ሆቴሉንም እሷው መረጠችው፣ በጀርባ በኩል ያሉት ክፍሎች የፈረሰውን ቦታ የሚያዩ ናቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ትንንሽ ሻንጣ ይዘን እዚያው ሰፈራችን አጠገብ ካለው ከላንቻ በሚኒባስ ሄድን። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በትሕትና ከየት ነው የመጣችሁት ብትለን፣ ቤዛ ኮስተር ብላ ከላንቻ አለቻት፣ ልጅቷ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል እኛ አሳንሰሩ ውስጥ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ቀን ነበር። ያን ነጭ የሆቴል ካባ ለብሰን አልጋው ላይ ፎቶ ተነሳን፣ ወጥተን ክትፎ በላን፣ በአዲሱ ሰፊ መንገድ በአበባና በመብራቱ መሐል ተንሸራሸርን፣ ቤዛ እዚህ ጋ ፀጉር ቤት ነበር፣ እዚህ ጋ የሱዳን ሻይ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር እያለች ለእኔ ምንም በማይታየኝ ቦታ ሁሉ ጣቷን ትቀስራለች። ሻርፑን አውልቃ ነበር። ሰኞን አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም፣ እኔም በልቤ ተሳካ አልኩ።

ወደ አመሻሹ ተመልሰን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከታች በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነው፣ ፍርስራሹ ተጠርጎ ቀይ አፈሩ ብቻ ቀርቷል፣ መሐሉ ላይ አንድ የጽድ ዛፍ ሳይነካ ቆሟል። ቤዛ በዛፉ ለክታ ግቢያቸውን አገኘችው፣ በሩ እዚያ፣ ቧንቧው እዚያ፣ የጋራ ኩሽናው እዚያ። በሩ ከታች መሬት ይነክስ ነበር አለችኝ፣ ብድግ አድርገሽ ካልገፋሽው አይከፈትም፣ እንግዳና የቤት ሰው የሚለየው በእሱ ነበር፣ እንግዳ ሲገፋው መሬቱን ይፍቀዋል፣ የቤት ሰው ግን ያነሳዋል፣ እማዬ ብቻ እጇን ያማት ስለነበር ሁልጊዜ እየጎተተች ነበር የምትከፍተው።

ይህን ብላ ሻይዋን እንኳን ሳትጨርስ ነው የተሰማው። ቆርቆሮ ከድንጋይ ጋር ሲፋቅ፣ ረዘም አድርጎ፣ መሐል ላይ ትንሽ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ መጨረሻው።

ተያየን። አጥሩ ነው፣ ነፋስ ነው አልኩ ወዲያው፣ ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ ብያችሁ የለ። ቤዛ ወደ መጋረጃው አየች፣ መጋረጃው አይንቀሳቀስም፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። እሺ፣ ሠራተኞች ይሆናሉ አልኩ፣ ቆርቆሮ የሚያነሱ። ወዲያው ውሃ ሲደፋ ተሰማ፣ የሳፋ ውሃ ሰፊ መሬት ላይ ሲቸለስ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ እሱ። ከዚያ ነጠላ ጫማ፣ ጧ ጧ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ከዛፉ ወደ አጥሩ በኩል። አጎንብሼ አየሁ። ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው፣ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፣ እመኑኝ፣ ከዛፉ በቀር የቆመ ነገር አልነበረም፣ ነጠላ ጫማው ግን እየሄደ ነው።

ከዚያ ተጣራች።

"ድንቡሼ! ድንቡሼ፣ ነይ ግቢ፣ መሽቷል!"

የሴት ድምፅ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ወፈር ያለ፣ የሻከረ፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ተሰብሮ ወደ ትንፋሽ የሚቀየር። ሰፈር ውስጥ ሲጫወት የመሸበትን ልጅ የምትጠራ እናት አጠራር ነው፣ ቁጣም ልመናም የሌለበት፣ ልጁ እንደሚመጣ የሚያውቅ። የቤዛ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቷል።

"ድንቡሼ ማናት?" አልኳት።

"እኔ ነኝ" አለች። "ከእማዬ በቀር ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።"

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ክርክሬ የተሰበረብኝ። ከዓመታት በፊት ነግራኝ ቢሆን ኖሮ፣ ከአእምሮዬ ነው የወጣው እል ነበር፣ ጆሮ የሚያውቀውን ይሰማል እል ነበር። ግን ያን ስም ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ የሰማሁትም ከእሷ አፍ አይደለም።

ደግሞ ሁለታችንም ደንቡን እናውቃለን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የማያውቀው የለም፣ እናቴም ሊጥ እያቦካች ሳለች ነው የነገረችኝ፣ በመሸ ጊዜ ስምሽ ከተጠራ የጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፣ የሞተ ሰው ከሆነ ደግሞ በፍጹም፣ አቤት ያለ ይከተላል። እኔ በዚህ ስስቅ ነው ያደግሁት። ቤዛ ግን አልሳቀችም። ተነሳች፣ የበረንዳውን ብረት ይዛ ወደ ታች አጎነበሰች፣ ፊቷ ላይ ፍርሃት ቢኖር ደግ ነበር፣ የነበረው እፎይታ ነው።

"መጥታ ጠራችኝ፣ ሶስና" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመሬቱ ሳትነቅል። "ሰኞ እንደማልወጣ ነግራኛለች ማለት ነው። በቃ አልገባም። እዚህ አቤት ልበላትና እንደፈለገች ታድርገኝ፣ እዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ ከምሞት።"

ስንት ወር የለመንኩት፣ ያለቀስኩት፣ የተጣላሁት፣ በአንድ ጥሪ ሲናድ አየሁ። ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። ተናደድኩ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፣ የተናደድኩትም በቤዛ አይደለም፣ በዚያች በማላያት ሴት ነው፣ እናት ከሆንሽ ልጅሽን እንዲህ ታደርጊያለሽ፣ የምትድን ልጅ ናት፣ ሐኪሙ ትድናለች ብሏል፣ ምን አድርጋሽ ነው ዛሬ የምትመጪ።

ሁለተኛ ተጣራች፣ አሁን ቀረብ ብላ፣ ልክ ከአጥሩ ሥር። "ድንቡሼ!"

የቤዛ አፍ ሲከፈት አየሁት። በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት፣ በሌላው እጄ ወገቧን ይዤ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"አቤት! እኔ ነኝ ያለሁት! ድንቡሼ አትመጣም፣ ሰኞ ቀጠሮ አለባት! ጉዳይ ካለሽ እኔን አናግሪኝ!"

አንቱ ማለት እንኳን አላስታወስኩም፣ ለሞቱ ትልቅ ሰው አንቺ ብዬ ስጮህ ሆቴሉ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም፣ ሁለት በረንዳ አልፎ ያለ ሰው መጋረጃውን ዘጋ። ከታች ጸጥ አለ። ጫማው ቆመ። ቤዛ መዳፌን እየነከሰች ታለቅሳለች፣ እኔ አሸነፍኩ ብዬ ነበር እኮ።

"ሶስና" አለኝ ድምፁ።

አልተጮኸም። ከዚያ ርቀት በዚያ ዓይነት ድምፅ የተነገረ ቃል ሊሰማ አይችልም፣ ተሰማ። ደግሞ የተናገረው ሰው ያውቀኛል፣ እንደማይተዋወቅ ሰው አይደለም የጠራኝ፣ ስሜን ብዙ ጊዜ እንደጠራ ሰው፣ ደከም ብሎት፣ ትንሽም የሳቀ ይመስላል። የቤዛ እናት ደግሞ ስሜን አያውቁትም፣ ሳልተዋወቃቸው ነው የሞቱት። አቤት አልኩ እንደገና፣ አላፈገፍግም ብዬ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን ድምፄ ከአፌ አልራቀም። ቆርቆሮው ተጎትቶ ተዘጋ። ከዚያ መንገዱ ላይ ያሉት መብራቶች በአንዴ በሩ፣ መኪናው፣ ክላክሱ፣ ከሩቅ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ሆነ።

ቤዛ ተጣላችኝ። በእኔ ፋንታ ማን ግቢ አለሽ፣ አሁን አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ ምን ልሆን ነው ብላ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ክፍሉ ውስጥ ያለ መብራት ሁሉ በርቶ፣ ቴሌቪዥኑ እየለፈለፈ፣ አንድ አልጋ ላይ ተጣብቀን ተኛን። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ድንገት፣ እማዬ ጉሮሮዋን ምን ሆና ነው፣ ድምጿ እኮ ቀጭን ነበር አለችኝ። በዚያ ሰዓት ያን መመርመር አልፈለግሁም፣ ተኚ አልኳት።

እሁድ ስነቃ ቀድማኝ ተነስታ መስታወቱ ፊት አንገቷን እያየች ነው። የተረጋጋች ነች። አቤት ያለው ሰው አንቺ ነሽ፣ እኔ አልመለስኩም፣ ስለዚህ ነገ እገባለሁ አለችኝ፣ ወዲያው ደግሞ ምን እንዳለች ገብቷት ፊቷ ተቀየረ፣ ይቅር በይኝ ልትል ስትጀምር አቋረጥኳት። ይህ ከሆነ የሚያስገባሽ ይሁን፣ ለእኔ አታስቢ፣ እኔ በማላምንበት ነገር አልሞትም አልኳት። ከልቤ ነበር። አብዛኛው ልቤ።

ቁርስ በልተን ወደ አጥሩ ወረድን፣ የማጣራው ነገር አለኝ ብዬ እኔ ነኝ የጎተትኳት። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ጥበቃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘን። ትናንት ሲመሽ ሴት እዚህ ገብታ ነበር ወይ አልኳቸው። በዚህ በኩል በር የለውም፣ ማን ይገባል አሉኝ፣ ቀና ብለው ሆቴሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ከላይ አቤት አቤት ስትሉ ያመሻችሁት እናንተ ናችሁ?" አሉ። "ማን ጠርቷችሁ ነው?"

"አልሰሙም እንዴ አባባ፣ የሚጣራውን?"

"እኔ የሰማሁት አንቺን ነው ልጄ። እዚሁ ነው የተቀመጥኩት፣ ከአንቺ በቀር የጮኸ አልነበረም።"

ቤዛ ክንዴን ጎተተችኝ፣ ሄድን።

ሰኞ ገባች። ያን ኮሪደር ላይ ያሳለፍኩትን ሰዓት አልነግራችሁም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የምጠራው እኔ መሰለኝ፣ የማታምነው ሴት ሦስት ዓይነት ጸሎት ደባልቃ ስታነበንብ ዋለች። ወጣች። ሐኪሙ ሁሉንም አውጥተነዋል፣ ያስፈራን ነገር የለም አለ፣ እኔም ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ድምጿ ብቻ አልወጣ አለ። ይህም ቢሆን አስቀድሞ ነግሮናል፣ እንቅርቱ የድምፅ ነርቭ አጠገብ ስለሆነ ሊደክም ይችላል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ምናልባትም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ብሎ። ቤዛ በምልክትና በስልክ ጽሑፍ ስታወራ ሰነበተች፣ ጎረቤቶቿ እንዲህ ጨዋ ሆና አታውቅም እያሉ ቀለዱባት፣ እሷም ያለ ድምፅ ትስቃለች። ድናለች፣ ሻርፑን ለእኔ ሰጥታኛለች፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲው ውስጥ ለአንዲት እናት የሕፃን ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ስልኬ ጠራ፣ የቤዛ ቁጥር ነው። በድምፅ መደወሏ ደስ ብሎኝ በአንድ እጄ ሽሮፑን እንደያዝኩ አነሳሁት።

"ሶስና" አለችኝ።

ወፈር ያለ፣ የሻከረ፣ መጨረሻው ላይ ተሰብሮ ወደ ትንፋሽ የሚቀየር። ደከም ያለ፣ ትንሽም የሳቀ። ሴትዮዋ ምነው እህቴ ስትለኝ ነው ሽሮፑ እግሬ ሥር ተሰብሮ እንደፈሰሰ ያወቅሁት።

ድምፄ አስጠላሽ እንዴ አለችኝ ቤዛ፣ አይ፣ ያምርብሻል አልኳት፣ ከዚያም ስለ ሌላ ነገር ብዙ አወራን። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ያን ዕለት የራሷን የወደፊት ድምፅ እንዴት ታውቀው፣ እማዬ ናት ብላ ታምናለች፣ እናቷ መጥተው እኔ አቤት ስላልኩ እንደለቀቋት ታምናለች፣ ለእሷ ያ ታሪክ ተዘግቷል። እኔ ግን ሙያዬ ነው፣ ድምፅ ለምን እንደሚሻክር ከፈለጋችሁ ሥዕል ስዬ አስረዳችኋለሁ፣ ነርቩ እንዲህ ነው፣ ጅማቱ እንዲህ ነው። ቢላው ሳይነካት በፊት ያን ድምፅ ከዚያ ባዶ መሬት ላይ እንዴት እንደሰማሁት ግን የሚያስረዳኝ ካለ ይምጣ፣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፣ እከራከረዋለሁም።

ባለፈው ሰሞን ቤዛ ዊክኤንድ እንውጣ አለችኝ፣ ካዛንቺስ፣ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው ክፍል። እሺ አልኳት፣ እኔ ከክፍል አልሸሽም። ግን ሌላም ነገር አለች። ሐኪሙ ድምፅሽን አሠሪው ብሏታል፣ ስለዚህ አመሻሹ ላይ ወደ ታች ወርዳ፣ አጥሩን በሆነ በኩል አልፋ፣ በራቸው የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ፣ እናቷ ይጠሯት እንደ ነበር አንድ ጊዜ መጣራት አምሯታል፣ እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ይሰማ እንደሆነ እንድነግራት።

ይህን አታደርጊውም አልኳት። ለምን ስትለኝ ምክንያት አልነበረኝም፣ ማለቴ የምነግራት ምክንያት አልነበረኝም፣ እምቢ ብያለሁ እምቢ ነው፣ ብፈልግ በሩን ቆልፌ ቁልፉን እይዛለሁ ብዬ ጮህኩባት። ቅዳሜ እንሄዳለን። እሷ ሳቀች እንጂ እሺ አላለችኝም።